የሰሜን ወሎ የሰማይ ደሴቶች

በሰሜን ወሎ ዞን፣ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ካለችው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ከመርሳ ተነሥቶ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በወልድያ በኩል ወደ ላስታ ደጋ የሚወጣው አገር፣ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ጫፍ ሲደርስ ከ4,200 ሜትር ያልፋል። በዚህ አቀበት ላይ የአዝመራው ቅደም ተከተል ለወሎ ገበሬ እንግዳ አይደለም፤ በቆላው ማሽላ፣ በወይና ደጋው ጤፍ፣ በደጋው ስንዴና ባቄላ፣ ከዚያ በላይ ገብስ ብቻ ይበቅላል፤ በመጨረሻም ገብሱን እንኳ ብርድ የሚያቃጥልበት፣ የጓሳ ሣርና ጅብራ የሸፈነው ምድር ይገኛል። ገበሬው ይህን የመጨረሻ ቀበቶ ከደጋው ለይቶ ውርጭ ይለዋል። የዕፀዋት ተመራማሪዎች ደግሞ አፍሮ አልፓይን ብለው ሰይመውታል፤ ይኸውም በአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ፣ ከዛፍ መብቀያ ወሰን በላይ የሚገኝ፣ ቀን ፀሐይ የሚበረታበትና ሌሊት አፈሩ በብርድ የሚደርቅበት ምድር ማለት ነው።

ይህ ምድር በኢትዮጵያ አንድ ወጥ ሆኖ አይገኝም። ከስሜን ተራሮች ጀምሮ በአቡነ ዮሴፍ፣ በደላንታ፣ በደቡብ ወሎ ከፍታዎችና በመንዝ ጓሳ አድርጎ፣ ከስምጥ ሸለቆው ማዶ እስከ አርሲና ባሌ ድረስ ተበታትኖ የሚታይ ሲሆን፣ በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ቆላና የታረሰ ደጋ ውርጭ ለለመደ እንስሳ የሚሻገሩት ስፍራ አይደለም። ለቀይ ቀበሮ የመርሳ የማሽላ ማሳ ከባሕር አይለይም። ተመራማሪዎች እነዚህን ተራሮች የሰማይ ደሴቶች የሚሏቸው ስለዚህ ነው። ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን በ1967 ባሳተሙት የደሴቶች ሥነ ሕይወት ንድፈ ሐሳብ (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ተብለው ያልተለዩት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ደሴት ላይ የሚኖሩት የእንስሳትና የዕፀዋት ዓይነቶች ብዛት በደሴቱ ስፋትና ከሌላው መሬት ባለው ርቀት እንደሚወሰን አስረድተዋል፤ ደሴቱ በጠበበና በራቀ ቁጥር የጠፋውን የሚተካ አዲስ መጤ ይመናመናል። ይህ ሐሳብ ከውቅያኖስ ደሴቶች ተነሥቶ በኋላ በየብስ ላይ ለተነጠሉ ተራሮችና ደኖችም መመዘኛ ሆኗል።

የሁለቱ ዓይነት ደሴቶች የጥናት ታሪክ በአንድ ዓመት ላይ መገናኘቱ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ቻርልስ ዳርዊን በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከኢኳዶር ጠረፍ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው በሚገኙት የጋላፓጎስ ደሴቶች የደረሰው በ1835 መስከረም ወር ነበር። በዚያው በ1835 በፍራንክፈርት ከተማ ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ፣ ቀደም ባሉት ዓመታት በሰሜን ኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የሰበሰባቸውን የጀርባ አጥንት ያላቸው እንስሳት የሚገልጸውን መጽሐፉን በክፍል በክፍል ማሳተም ጀመረ። ጭላዳና ዋልያ በሳይንስ መዝገብ የገቡት በዚህ ሥራ ነው፤ ቀይ ቀበሮም በ1840 በተጠናቀቀው ክፍል ስሙን ከስሜን ተራሮች ወስዶ ተመዘገበ። የጋላፓጎስ ስም ግን ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ ሲናኝ፣ የኢትዮጵያ ተራሮች ለረጅም ዘመን የጥቂት ሙዚየሞች ጉዳይ ብቻ ሆነው ቀሩ። ሩፔል ለቆዳና ለአጽም ያደረገው ጥንቃቄ የሚመሰገን ቢሆንም፣ እንስሳቱን ከሚያውቋቸው እረኞችና አዳኞች ዕውቀት ወደ መጽሐፉ የገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ይህ ጉድለት ደግሞ የእርሱ ብቻ ሳይሆን የዘመኑ ሳይንስ ጉድለት ነበር።

ደሴቶቹ እንዴት ተፈጠሩ የሚለው ጥያቄ ሁለት የተለያዩ ታሪኮችን ያስነሣል፤ አንዱ የድንጋይ፣ ሌላው የአየር ጠባይ ነው። የወሎ ደጋ መሠረት ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ከምድር ስንጥቆች እየፈሰሰ የተነባበረው የእሳተ ገሞራ ዐለት ሲሆን፣ ከወልድያና ከመርሳ በስተምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው ታላቅ ገደልም ከስምጥ ሸለቆው መከፈት ጋር የመጣ ነው። የቀይ ቀበሮ ታሪክ ግን ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። በዘር ቅንጣት ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት የእንስሳው ቅድመ አያቶች ከአውሮፓና ከእስያ ተኩላ ጋር የሚዛመዱ ሲሆኑ፣ ወደ ኢትዮጵያ የገቡትም ከ100,000 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን የአየሩ ቅዝቃዜ የውርጩን ምድር ወደ ታች አስፍቶት ስለነበር፣ ዛሬ የተለያዩት ተራሮች ያን ጊዜ በሰፊ የሣር ሜዳ የተያያዙበት ቦታ ብዙ ነበር፤ ከዚያ በኋላ አየሩ ሲሞቅ ዛፍ ወደ ላይ ወጣ፣ ሣሩ ወደ ጫፍ ሸሸ፣ ቀበሮውም ሣሩን ተከትሎ በየተራራው ታጠረ። የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአቡነ ዮሴፍና በአቅራቢያው ባለው በልብ አምባ ላይ ያደረጉት የመሬት ገጽታና የዛፍ ወሰን ጥናት የዚህን ጥንታዊ ቅዝቃዜ አሻራ ከዐለቱና ከአፈሩ ላይ ለማንበብ የሞከረ በመሆኑ፣ በወሎ ተራሮች ላይ ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የዱር እንስሳት ጥናት ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስ ያተኮረው በዳርና ዳር ባሉት ትላልቅ ደሴቶች ላይ ነበር። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር በ1970ዎቹ በዚያው የጭላዳን ማኅበራዊ ኑሮ አጠና። በባሌ ደግሞ ክላውዲዮ ሲሌሮና ዳዳ ጎተሊ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ቀይ ቀበሮን ተከታተሉ። በመካከል ያለው ወሎ በሳይንስ ካርታ ላይ ባዶ ሆኖ የቀረው እንስሳ ስለሌለው አልነበረም። ወሎ በዚያ ዘመን የሚታወቀው በሌላ ነገር ነበር፤ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በደረሰው ረሃብ፣ ኋላም በሰባ ሰባቱ ድርቅ። ወደ ወልድያና ወደ ቆቦ የሚመጣ ተመራማሪ ቢኖር ሰው ለምን እንደተራበ ሊጠይቅ እንጂ ቀበሮ ለመቁጠር አይመጣም ነበር፤ ይህም ፍርድ ትክክል ነበር።

ስለ ሰው የተደረጉት እነዚህ ጥናቶች ግን ለተራሮቹም ታሪክ መሠረት ሆነዋል፤ ስለ ደሴቶቹ የሚጻፍ ማንኛውም ሥራ እነርሱን ትቶ ሊነሣ አይችልም። ጄምስ ማካን በ1987 ባሳተመው መጽሐፍ ከ1900 እስከ 1935 ያለውን የሰሜን ወሎን የገበሬ ኑሮ መርምሮ፣ የበሬ እጦትና የመሬት ይዞታ አንድን ቤተሰብ እንዴት ከችግር ወደ ረሃብ እንደሚያወርዱት አሳይቷል። ደሳለኝ ራህመቶ ከሀብሩ ጋር በሚዋሰነው በአምባሰል ያደረገውና በ1991 የታተመው ጥናት ደግሞ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ገበሬው እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሳይሆን፣ ምግቡን እየቀነሰ፣ ከብቱን በየተራ እየሸጠ፣ በመጨረሻም እየተሰደደ ሕይወቱን ለማቆየት የታገለ መሆኑን በዝርዝር ያስረዳል። ከዚህ መረዳት የሚቻለው፣ በክፉ ቀን ወደ ውርጩ ቀበቶ የሚወጣው ማረሻ፣ የሚለቀቀው ከብትና የሚቆረጠው የአስታ ቁጥቋጦ የመጨረሻ መጠጊያ እንጂ የገበሬው ንዝህላልነት አለመሆናቸውን ነው። ተራራውን ያራቆተው ድሀው ነው የሚለው አባባል በየስብሰባው ሲደጋገም ይሰማል፤ ማስረጃው ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነው። ዶናልድ ክራሚ በጣሊያን ወረራ ዘመን በ1937 በወሎ የተነሡ ፎቶግራፎችን ይዞ፣ በ1997 እነዚያኑ ቦታዎች እንደገና በማንሣት ሁለቱን ሲያስተያይ፣ በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፍ ከመቀነስ ይልቅ መጨመሩን አገኘ፤ ዛፉም በአመዛኙ ገበሬው ራሱ በደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ይህ ግኝት ከሰው ሰፈር በላይ ላለው ጓሳና አስታ መጽናኛ ባይሆንም፣ በወሎ ገበሬ ላይ ያለ ምርመራ የተጫነውን ወቀሳ አቅልሎለታል።

የወሎ ደሴቶች በቀበሮ ተመራማሪዎች ዘንድ ቦታ ያገኙት ከ1997 እስከ 2000 በተደረገው አገር አቀፍ ቅኝት ነው። ውጤቱን ሆርሄሊና ማሪኖ በ2003 ስታወጣ፣ ቀይ ቀበሮ ከስሜን፣ ከመንዝ፣ ከአርሲና ከባሌ ሌላ በሰሜንና በደቡብ ወሎ ከፍታዎችም በሕይወት መኖሩ ተረጋገጠ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በመላው ኢትዮጵያ ያሉት ጎልማሳ ቀበሮዎች ከ500 የማይበልጡ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሆኑት በባሌ ይኖራሉ፣ በወሎ በየተራራው የሚገኙት ደግሞ በጥቂት አሥሮች የሚገመቱ ናቸው። ለተራራው ሰው ግን ይህ ግኝት አልነበረም። ቅኝቱ በየአካባቢው ያሉ እረኞችን በመጠየቅ ላይ ጭምር የተመሠረተ ስለነበር፣ በሳይንስ ጽሑፍ አዲስ ሆኖ የተገኘው ነገር በግዳንና በላስታ ወረዳዎች በግ ጠብቆ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ በአቡነ ዮሴፍ ላይ ሥራው ፈጠን ብሎ ቀጠለ። ከባርሴሎና የመጡ ተመራማሪዎች በ2009 የተራራውን ወፎችና አጥቢ እንስሳት የሚዘረዝር መጽሐፍ አሳተሙ። ግርማ እሸቴና የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ ነዋሪው ከተራራው ምን እንደሚያገኝና ከቀበሮው ጋር በምን እንደሚጋጭ አጥንተው ውጤቱን በ2015 እና በ2018 አውጥተዋል። በዚህ ዓይነቱ ጥናት የሚፈለገው መረጃ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከእንስሳው ኩስ ነው። ተመራማሪው ኩሱን ከየመንገዱ ለቅሞ፣ አድርቆና በወንፊት አጥቦ፣ የቀረውን ፀጉርና ጥርስ አንድ በአንድ እየለየ ቀበሮው ምን እንደበላ ይወስናል። ባሌ ላይ በተሠራው ተመሳሳይ ምርመራ ከቀበሮው ምግብ በመጠን 96 በመቶው አይጥና ፍልፈል ሆኖ ተገኝቷል። በወሎም ዋናው ምግብ አይጥ ነው፤ ይሁን እንጂ የባሌው ግዙፍ ፍልፈል ከባሌ ውጭ ስለማይገኝ የሰሜኑ ቀበሮ በትናንሾቹ አይጦች ላይ መኖር ግድ ሆኖበታል። በግ ጠባቂው የሚያነሣው ክስም ሐሰት አይደለም፤ ቀበሮው አልፎ አልፎ ግልገል ይወስዳል፣ ሁለት ሦስት በግ ብቻ ላለው ቤተሰብ ደግሞ አንድ ግልገል ማጣት ቀላል ጉዳት አይደለም።

የቀይ ቀበሮ ጠባይ በተኩላ ዘር ውስጥ ለየት ያለ ነው። በመንጋ ይኖራል፣ ማለዳና ማታ ወሰኑን አብሮ ይቃኛል፣ ግልገሎቹንም በኅብረት ያሳድጋል፤ ለማደን ግን እያንዳንዱ ቀን በቀን ለብቻው ይወጣል፣ ምክንያቱም አይጥን ለመያዝ ጓደኛ አይጠቅምም። እንዲያውም ጓደኛ ሆኖ የሚጠቅመው ሌላ እንስሳ መሆኑ በመንዝ ጓሳ ታይቷል። በ2015 በታተመው ጥናት መሠረት ቀበሮው ሣር በሚግጡ የጭላዳ መንጎች መካከል ሲያድን 67 በመቶ ጊዜ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲያድን የሚሳካለት 25 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ጭላዳዎቹም ልጆቻቸውን እንደማይነካ ስለሚያውቁ ዝም ብለው ያሳልፉታል፤ ቀበሮውም በመካከላቸው ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ አይሮጥም። ጭላዳ ራሱ የደሴት ቅሪት ነው። የወገኑ እንስሳት በጥንት ዘመን ከአፍሪካ አልፈው እስከ ስፔንና ህንድ ድረስ ይኖሩ እንደነበር ከቅሪተ አካል ሲታወቅ፣ ዛሬ ከነዚያ ሁሉ የቀረው በኢትዮጵያ ገደሎች አፋፍ ላይ ሣር እየነጨ የሚኖረው ይህ ብቻ ነው።

ሰውም ከእነዚህ ደሴቶች የራሱን ድርሻ ሲወስድ ኖሯል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል፤ እረኛው ከዝናብና ከብርድ የሚከለልበት ገሳ የሚሠራውም ከእርሱው ነው፤ ሣሩ ታጭዶ በረድፍ በረድፍ ሲታሰር፣ ዝናቡ አንዱን ረድፍ ይዞ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ ከእረኛው ጫማ ሥር ይወርዳል። አስታው ማገዶ፣ ጦስኙ ለሻይና ለመድኃኒት፣ ሜዳው በክረምት ለከብት ግጦሽ ነው። በእነዚህ ጥቅሞች ላይ ሥርዓት ማበጀት ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ በግልጽ የሚታየው በመንዝ ጓሳ ነው። በዘላለም ተፈራ ጥናት እንደተመዘገበው፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ቄሮ በተባለ ደንብ ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት ዘግተው፣ ጠባቂ መድበው፣ በጋራ ስምምነት ሲከፍቱት ኖረዋል። ተራውን ያልጠበቀ ይቀጣ ነበር። ይህ ደንብ የተናጋው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ አዋጁ የጭሰኛውን ቀንበር የሰበረ ታላቅ እርምጃ ቢሆንም፣ የጓሳው መብት በዘር ላይ የቆመ ስለነበር ከአሮጌው ባለቤትነት ጋር አብሮ ተሻረ። በሳይንስ ቋንቋ የጋራ ሀብት አያያዝ የሚባለው ጉዳይ፣ ማለትም የማንም የግል ያልሆነን ሜዳ ሁሉም ሳያጠፋው የሚጠቀምበት ዘዴ፣ በኢትዮጵያ ከመማሪያ መጽሐፍ በፊት በመንዝ ይታወቅ እንደነበር ይህ ታሪክ ያረጋግጣል። አቡነ ዮሴፍም በኋላ የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ እንዲሆን ሲታሰብ መነሻ የሆነው፣ ተራራውን ከነዋሪው ነጥቆ ሳይሆን ከነዋሪው ጋር መጠበቅ የሚለው ይኸው አስተሳሰብ ነው።

የደሴቶቹ መጥበብ ግን አልቆመም። በማሪኖ ግምት በኢትዮጵያ ከ3,200 ሜትር በላይ ካለው መሬት 60 በመቶው ወደ እርሻ ተለውጧል፤ ገብስ በየዓመቱ ጥቂት እየገፋ በወጣ ቁጥር ከላይ የሚቀረው ቦታ ይጠብባል፣ ከተራራው ጫፍ በላይ ደግሞ መሸሻ የለም። በጎጃም ጮቄና በሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ቀይ ቀበሮ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጠፍቷል። ሁለቱም ትናንሽ ደሴቶች ስለነበሩ ሁኔታው የማክአርተርና የዊልሰን ንድፈ ሐሳብ የሚጠብቀው ነው። በዚህ ላይ ከእረኛው ጋር የሚወጣው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ያመጣል፤ በባሌ ከ1991 ጀምሮ በተደጋጋሚ የተነሣው ወረርሽኝ ቀበሮዎችን በብዛት የፈጀ ሲሆን፣ በ2018 በምግብ ውስጥ ተደርጎ የሚሰጥ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ተጀምሯል። ባሌ ግማሹን ቢያጣ መልሶ ሊያገግም ይችላል፤ ከሃያና ከሠላሳ የማይበልጡ ቀበሮዎች ላሉት የወሎ ተራራ ግን አንድ ወረርሽኝ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል።

ከ2011 ወዲህ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ በመኖሩ፣ በሀብሩም የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ስላለ፣ የወሎን ተራሮች የሚያጠና ሰው ከፍራንክፈርት ወይም ከባርሴሎና ብቻ እንዲመጣ የሚያስገድድ ምክንያት ቀርቷል። በ2021 የሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ወልድያ ሲደርስ ዩኒቨርሲቲው ተዘርፎና ተጎድቶ ሥራው የተቋረጠ ቢሆንም፣ ቆላውንና ውርጩን በአንድ ዞን የያዘ አካባቢ የራሱ የምርምር ቤት ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ስሪንቃ ማሽላን ለድርቅ ሲያሻሽል የሚሠራው ሥራ ከቀበሮው ጋር የማይገናኝ ይመስላል፤ ነገር ግን በቆላና በወይና ደጋ ያለው ማሳ በተሻለ ምርት ከመለሰ ገበሬው ወደ ውርጩ የሚገፋበት ምክንያት ይቀንሳልና፣ የሁለቱ ጥናት ዕጣ የተያያዘ ነው።

በ2011 የወጣው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ስልት ከዚያ በፊት ያልተሞከረ ሐሳብ አቅርቧል፤ ይኸውም የተነጠሉትን ደሴቶች እንደ አንድ መንጋ በመቁጠር፣ ቀበሮዎችን ከአንዱ ወደ ሌላው በሰው እጅ በማዛወር የተመናመነውን ማጠናከርና የጠፋበትንም መልሶ መሙላት ነው። የዘር ጥናቱ ከስምጥ ሸለቆው በስተሰሜንና በስተደቡብ ያሉት ቀበሮዎች የተለያዩ መሆናቸውን ስላሳየ፣ ለወሎ የሚመጣው ከባሌ ሳይሆን ከስሜን ወይም ከመንዝ መሆን ይኖርበታል። ቴክኒኩ አስቸጋሪ ቢሆንም የሚቻል ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን ከተዛወረው ቀበሮ አጠገብ በግ የሚያግደው ገበሬ ፈቃድ ነው፤ ግልገሉ ቢወሰድበት ምን እንደሚካስ፣ ሜዳውም ሲዘጋ ከብቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ በመንደሩ ጉባኤ ተነግሮትና ተስማምቶ ካልሆነ በቀር፣ ወደ ተራራው የሚወጣው ቀበሮ ለመኖር የሚያበቃ ዕድል አያገኝም።